ሆድ ያወጣው ግንብ

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ልክ» ይለው ነበር፤ የካበው ግንብ ዝንፍ አይልማ። ከቤታችን ጀርባ ያለውን የአፈር ቁልል ደግፎ የሚይዘውን ረጅም ግንብ ለታላቅ እህቱ፣ ለእናቴ፣ የሠራላት እሱ ነው።

ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ከግንቡ ሥር የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዲተው አድርገውት ነበር። ክረምት ሲገባ ታዲያ በነዚያ ቀዳዳዎች ጭቃ ውሃ እየወረደ የእናቴን ግቢ አጨቀየው። እናቴ ብትማረርበት አጎቴ በሲሚንቶ ሊደፍናቸው ተነሣ።

«ተው ልጄ፣ ውሃ መውጫ ካጣ መግፋት ይጀምራል» አሉት ሽማግሌው።

«አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁት የጭቃ ዘመን ግንብ ነው!» ብሎ ሳቀባቸውና ቀዳዳዎቹን ደፈነ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ደጃችንን አልረገጡም።

በሦስተኛው ክረምት አንድ እሑድ ሰባኪው ከነቢያት አነበበ። ምክር ንቀው «ደስ የሚለንን ብቻ ንገሩን» ስላሉ ሰዎች ነበር፤ በደላቸው ሆድ አውጥቶ ለመፍረስ እንደደረሰ ረጅም ግንብ ይሆንባቸዋል፣ አወዳደቁም ድንገት ነው ይላል። ሰባኪው ስለ መንግሥታት መውደቅ ያብራራ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠው አጎቴ ግን ብድግ አለ። እሱ የታየው መንግሥት አይደለም፤ ድንጋይ ነው።

ጸሎቱ ሳያልቅ ወጣ፤ ተከተልኩት። ቤት እንደደረስን ከግንቡ አናት ላይ ቱንቢውን ለቀቀ። ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት ክር ከመሐል አበጥ ያለው ድንጋይ ላይ ተኛ።

«ሩጪ፣ አባባን ጥሪልኝ!» አለኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

ሽማግሌው ጎረቤት ስለሆኑ ይዣቸው ስመለስ አጎቴ ከግንቡ ሥር ባለችው የመተኮሻ ክፍል በር ላይ ቆሞ ገና ከእናቴ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር።

«እትዬ፣ በእናትሽ ከዚህ ክፍል ውጪ! ግንቡ ሊወድቅ ነው!»

«የውሃ ልክ ግንብ?» እናቴ ካውያዋን ሳታስቀምጥ ሳቀች። «እሱ ከሚወድቅስ ሰማዩ ይወድቃል ያልከኝ ማን ነበር? ሂድ ወዲያ፣ ሥራ አታስፈታኝ።»

ጎረቤቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገዋል። አጎቴ አያቸው፤ ሽማግሌውንም አየ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። «ተው ተብዬ አልሰማሁም። አንቺም እንደኔ አትሁኚ።»

ወንድሟ «አጠፋሁ» ሲል እናቴ ሰምታው አታውቅም። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ካውያውን ነቅላ ወጣች።

እሱ ግን መሮና መዶሻ አንሥቶ ወደ ግንቡ ሮጠ፤ ቀዳዳዎቹን ሊከፍት።

«አትንካው!» ጮኹ ሽማግሌው። «ጊዜው አልፏል፤ ብትመታው ላይህ ላይ ይመጣል! ና ውጣ!»

ቆመ። መሮው ድንጋዩ ላይ ነበር። የእጁ ሥራ ነው፤ ትቶት መውጣት እንዴት እንደከበደው ከጀርባው ይነበብ ነበር። በመጨረሻ መሮውን ጣለና እየተንገዳገደ ወደኛ መጣ።

አጠገባችን ሳይደርስ ግንቡ ተናደ። የመተኮሻው ክፍል ከነጣሪያው ጭቃው ውስጥ ገባ።

አጎቴ ከሽማግሌው እግር ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። እናቴ ክንዱን ጨምድዳ ይዛ «አለሁ፣ እየኝ፣ አለሁ» ትለዋለች። ሽማግሌው ጎንበስ አሉና፣

«ሌላስ የት የት ደፍነሃል?» አሉት።

አጎቴ ለቅሶውን ዋጠ። እየዘነበ ነበር። «የትምህርት ቤቱን» አለና ጣቶቹን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ።