በሕንዶቹ ቤት ማዕድ

ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዳንግላ ሕንዳዊ አስተማሪያችን ከሚስታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሚስትየዋ ሰው ብትጠራ ብትጠራ፣ «ሥጋቸው የክርስቲያን አይደለም» እየተባለ ማንም ቤቷ እህል ቀምሶ አያውቅም። እኔ ግን ሥጋ የሚባል ነገር እንደማይበሉ ለአክስቴ ነገርኳት።

«ዓመቱን ሙሉ?» አለችና ሳቀች። «ከኛ ቄስ በለጡ በይኛ!»

ረቡዕ፣ የጾም ሰዓት ሲያልፍ፣ ይዛኝ ሄደች። ምግቡ ውስጥ ቅቤ እንዳይገባበት ለሚስትየዋ አስቀድሜ ነግሬ ነበር። ሴትየዋ ከሩዝና ከምስር ሊጥ የተጋገረ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቂጣ፣ ድንች ጠቅልላበት ከቀጭን የምስር ወጥ ጋር አቀረበችልን። አክስቴ ቀመሰችና ወደደችው። ወዲያው አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ሴትየዋ አፍ ዘረጋች።

«እንቺ እህቴ፣ ባለቤቷ ሳትጎርስማ አይሆንም!»

ሴትየዋ ወደ ኋላ አለች። አስተማሪያችን ደንግጠው፣ «በእኛ አገር ሌላ ሰው የነካውን አንበላም» አሉ። አክስቴ ግን እጇን አላጠፈችም። ሴትየዋ ጉርሻውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ዐይኗን ጨፍና ጎረሰች። አኝካ ስትጨርስ ቀድማ የሳቀችው ራሷ ናት።

አክስቴ በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ሦስት ጎረቤቶቿን አስከትላ እዚያው ቤት ልትበላ ሄደች።