የበቅሎዋ ቀለብ

ልጄ የመጀመሪያዋን ያረገዘች ጊዜ ነው በቅሎ ያማረኝ። ባሌ ሞቶ፣ ባሏም ዘምቶ፣ እኔና እሷ ከአንኮበር ገብስ አዝለን አሊዩ አምባ እንወርዳለን፤ ጥጥና በርበሬ አዝለን ዳገቱን እንወጣለን። ኑሯችን ይኸው ነበር። ሆዷ እየገፋም ሸክሙን አልተውም አለችኝ። ዳገቱ ላይ ቆማ ስታለከልክ ሳይ ያለፈው ይታወሰኛል። እኔም እዚያው ዳገት ላይ አንድ ፅንስ ወርዶብኛል።

አሊዩ አምባ የምናውቀው አንድ እስላም ነጋዴ ዳማ በቅሎ ነበረችው። በቀረኝ አንድ በሬ ልለውጥህ ብለው እሺ አለ፤ በሚመጣው ገበያ ቁርጡን ልነግረው ተቃጥረን ተለያየን። በቅሎዋን መቀለብ ካቃተኝ በሬም በቅሎም የለኝም ማለት ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ልጄ ሰፌድ አመጣችና ወጪና ገቢዋን እንቁጠረው አለች። ለገብሷ፣ ለድርቆሿ፣ ለጭነት ጠፍሯ፣ ለኬላው ቀረጥ ባቄላ አኖርን። ለምታስገባልን ደግሞ አተር። አተሩ ተቆለለ! ልጄ እልል ልትል ስትል ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን ያዝኩት እንጂ የእኔም ልብ ይዘል ነበር። በሐሳቤ ለበቅሎዋ ቃጭል ሁሉ አንጠልጥያለሁ።

በማግሥቱ ሚካኤል ነው። ሥራ ፈትቼ ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ ድንገት ክው አልኩ። እኛ በዓል ስናከብር በቅሎዋስ? አትጫንም፤ ትበላለች ግን። ሰፌዱን መልሰን ዘረጋን። ለቅዳሜ፣ ለእሑድ፣ ለማርያም፣ ለገብርኤል፣ ለባለወልድ አተር ስናነሳ፣ ስናነሳ ባቄላው በለጠ። ልጄ የማዘያ ገመዷን አወረደችና ቋጠሮውን ትፈትሽ ጀመር። ከሁሉ ያ አስፈራኝ።

ገበያው ሲደርስ እንቢታዬን ይዤ ወረድኩ። ምክንያቱን ስነግረው ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«በቅሎዋ ማተብ አሰረች እንዴ፣ እትዬ?»

«እኔ ቤት ሆና በሚካኤል አትጫንም» አልኩት ተቆጥቼ።

«እንግዲያው በሚካኤል እኔ ቤት ትሁን። ለእኔ ትጫን፤ ወላሂ የዚያን ቀን ቀለቧን እኔው እችላለሁ።»

እየሮጥኩ ነው የወጣሁት፤ ያን ዳገት፣ በዚያ ዕድሜዬ። በቀጥታ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩና ነገሩን አጫወትኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ፣ ሰንበትን አሳርፊያት፣ የቀረውን እኔ አልሰማሁም አሉኝ። ቤት ገብተን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠርን። አተሩ በለጠ። ብዙ አይደለም፤ ግን በለጠ።

በሬዬን በሚቀጥለው ገበያ አስረከብኩ። በቅሎዋን ጭነን ስንመለስ በየገደሉ አፋፍ ዓይኔን እየጨፈንኩ ስሙን የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ። ልጄ ባዶ እጇን ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ አታለከልክም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ዘወር ብላ አየችኝና ሳቋ አመለጣት።

«እማዬ፣ ቀና በይ እንጂ። ምን አዝለሽ ነው?»

ለካ ጎብጬ ነበር የምሄደው።