የውሃው በር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ በእስክሪብቶ የሞላሁት የሰው ፎርም ብቻ ነው፤ የምተይበውም ሰው ነግሮኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ሱቁን ከፍቼ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ሳሞቅ፣ ያ የጋለ ቀለምና የተቃጠለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ከድር ኤሱማዬ አጠገቤ ወንበሩን ስቦ የተቀመጠ መሰለኝ።

ኤሱማ የምለው የእናቴን ወንድም ነው። ትምህርት ባቆምኩበት ዓመት ሱቁን እንድጠርግለትና ወረቀት እንዳቀብለው ከዲንሾ ወደ ሮቤ ያመጣኝ እሱ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ስሜ ሲጠራ እስከ ጆሮዬ የሚግለኝ፣ አስተማሪ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁት አፌን እስክከፍት ጥያቄው ወደ ሌላ ልጅ የሚያልፍብኝ ልጅ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ የድሮ ጌም ነበር፤ የጥንት ነገሥታት የድንጋይ ምሽግ የሚገነባበት፣ መሬቱ እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ የተከፋፈለ። በአንድ ተራ የሚሰጠው ድንጋይ ትንሽ ስለሆነ አጥሩን ልቀጥል ወይስ ማማ ላቁም፣ ቦይ ልቆፍር ወይስ በሩን ላጠንክር እያሉ ማሰብ ነው። ከሁሉ የወደድኩለት ግን፣ ተራዬን ጨርሼ ቁልፉን እስክጫን ድረስ ጠላት አለመንቀሳቀሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ባስብ ፈረሱ እግሩን እንዳነሳ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከዚያ በፊት እንደዚያ የጠበቀኝ ማንም አልነበረም።

የኤሱማ ባላጋራ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ በየነ ነበሩ። ኤሱማ ሲሠራ እንዳያዩ ወደ ስፌት መኪናቸው ይመለሳሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ሱቆቹን የሚለየውን ቆርቆሮ ሁለቴ እንመታለን። ደንበኛ ከበዛ አንድ ተራ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ጦርነቱ የሚያልቀውም ሳምንት ቆይቶ ነው።

እየቆየሁ ግን አንድ ነገር አወቅሁ፤ ኤሱማ አያይም። ጣቶቹ ፊደሉን ስለለመዱ ይተይባል እንጂ ስክሪኑ ለእሱ ቀስ በቀስ ጭጋግ ሆኖ ነበር። "ሮቤ ይህን ካወቀ ወረቀቱን ማን ያምነኛል? ሱቁ አለቀለት" አለኝ። "ሃሊማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ለበየነም ቢሆን።" ድሮስ እኔ ለማን አወራለሁ? የተተየበውን ሁሉ በሹክሹክታ አነብለት፣ ምሽጉንም እኔው እገነባ ጀመር።

የማውቀው ግንብ ስላልነበረ የአባቴን ግቢ ሠራሁ። ጅብ በቀጥታ ሮጦ እንዳይገባ እንደ ከብት በረታችን መግቢያውን አጠማዘዝኩት፤ ጥጆቻችን በሚያድሩበት በመሐል ቦታ ንጉሡን አስቀመጥኩት። ከኋላ፣ በወንዙ በኩል፣ እናቴና እኔ ውሃ የምንቀዳባትን የመሰለች ጠባብ በር ተውኩ። ከዚያ ቆርቆሮውን ሁለቴ መታሁ።

ጋሽ በየነ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። ብዙም ሳይቆዩ ሳቃቸው ፈነዳ።

"ማል ታቴ፣ ያ ከድር! ምን ነካህ? ንጉሥህን ያዝኩት እኮ! የኋላ በር ከፍተህ የምትጠብቀኝ አማችህ ነኝ?"

"የምን በር?" አለ ኤሱማ።

ሳቁ ቆመ። በሩ አፍንጫው ሥር ነበር። ጋሽ በየነ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንድ ዓመት የደበቅነው ነገር በእኔ በር ወጣ።

"እሷ ናት የምትሠራው፣ በየነ" አለ ኤሱማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዓይኔ ከሄደ ቆየ።"

ጋሽ በየነ ወንበር ስበው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። "በሩን ለምን ሠራሽው?"

አፌን እስክከፍት ቆየሁ። ከውጭ ደንበኛ ሲጠራቸው እንኳ ቆይ ብለው እጃቸውን አነሡ እንጂ አልተነሡም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እኔን ይጠብቁ ነበር።

"ሴቶቹ ታዲያ ውሃ ከየት ይቀዳሉ?" አልኩ።

"ወላሂ ልክ ናት!" ኤሱማ ጉልበቱን መታ።

"ይህን ሁሉ ዘመን ሰውን በጥም ፈጅተናላ!" አሉ ጋሽ በየነ።

ምስጢሩን ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቆርቆሮ መምታት ቀረ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የራሳቸውን ወጥመድ ሳይቀር፣ ጮክ ብለው ለኤሱማ እየነገሩት ሦስት ሆነን ተጫወትን። አንድ ሕግም ወጣ፤ በውሃው በር ወታደር ማስገባት ነውር ነው።

ዛሬ ጋሽ በየነን ልጆቻቸው ወስደዋቸዋል፤ በስፌት ቤታቸው የሞባይል ካርድ ይሸጣል። አሮጌው ኮምፒውተር ከተበላሸ ቆየ፤ ልጥለው ግን አልሆነልኝም። አዲሱ ፈጣን ነው፤ ደንበኛውም ይቸኩላል፤ አንድ ቃል ሳስብ ጠረጴዛዬን በጣቱ የሚያንኳኳ ብዙ ነው።

ኤሱማን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ጎባ ሆስፒታል ነው፤ በማግስቱ አረፈ። ዘመድ ሁሉ ዱዓ አድርጎለት፣ የልቡን ነግሮት ሲወጣ፣ እኔ ላመሰግነው ፈልጌ ቃሉ ጠፍቶኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በትንፋሼ ለየኝ መሰለኝ፣ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

"ሃሊማ" አለኝ፣ "አትቸኩይ። ተራሽ ነው።"