ከወለሉ ስር ያለው አውሬ

የእኔ አውሬ ቀንድ የለውም፤ እሳት አይተፋም፤ አይበርም። በሬ የሚያክል ጥንዚዛ ነው። ዓይን የለውም፤ መሬቱን ከስር እየቆፈረ ይሄዳል፤ የሚሰማው ኮቴ ብቻ ነው። ማንም ምንም ይበል፣ በእሱ አላፍርም።

የፈጠርኩት ለጨዋታ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የምንጫወተው ነው፤ አንዱ ተረቱን ይመራል፣ ሌሎቹ ደግሞ በተረቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሆነው «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ሲባሉ ይመልሳሉ። መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው ዳይስ ነው፤ ሉዶ ላይ የሚጣለው ዓይነት፣ ግን ገጹ የበዛ። ደብረ ታቦር ውስጥ እሁድ እሁድ ከሰዓት ይህን የምንጫወት ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ከደቡብ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር ጓደኛዬ፣ እና ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤቴ። ተረቱን የምመራው እኔ ነኝ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና አውሬ ስፈጥርም እግሩን ሳልቆጥር አልተውም።

መጀመሪያ ከውጭ የመጣ ዘንዶ ነበር የምንጠቀመው። አንድ እሁድ ጎረቤቴ አዛጋችና «ይሄን ዘንዶ ማን አይቶት ያውቃል? የሚያስፈራ ነገር አምጪልን እንጂ» አለችኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነቷን ነው።

ያን ሳምንት እኔን የሚያስፈራኝን ስፈልግ ሰነበትኩ። ሩቅ አልሄድኩም። ያደግሁት ጉና ስር ነው። አንድ ክረምት የአባቴ ድንች ለምልሞ፣ አብቦ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያደንቀው ከረመ። ልናወጣ ስንገባ ግንዱ ሳንታገለው እጃችን ላይ ቀረ። ትል ከስር በልቶ ጨርሶት ኖሯል። አባቴ የለመለመውን ቅጠል እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ያ ፊቱ እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከላይ ሁሉም ደህና ነው፣ ከስር ግን ምንም የለም። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ምን አለ? አውሬዬን ያወጣሁት ከዚያ ማሳ ነው።

ደንብም አበጀሁለት። የሚሮጠውን ሰው ያገኘዋል፤ ዝም ብሎ የቆመውን አያገኘውም። የሚሞተው ሆዱ ሲመታ ብቻ ነው፣ ሆዱ ደግሞ ከመሬት ካልወጣ አይታይም። ስለዚህ ሊገድለው የፈለገ ሰው መሬቱን በእግሩ እየረገጠ ራሱ ሊጠራው ግድ ነው። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ትንሽ አሰበችና «ሽማግሌ ብንልክበትስ?» አለች። የምሯን ነበር። የሒሳብ መምህሩ «ይሉኝታ የሌለውን በምን ያስታርቁታል?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ሳቃችን ግን ግድግዳ አልፎ እንደ ሳቅ አልተሰማም። እኔን ከአከራዬ የሚለየኝ ቀጭን ጣውላ ነው። በዚያ በኩል የሚያልፈው የዳይሱ ኳኳታና የእኔ ድምፅ ነው። «ከስር ያለው ነቅቷል!» እላለሁ። ከዚያ ዳይሱ ይንኳኳል፤ ከዚያ ደግሞ «አንተ ተርፈሃል፤ እሷ ግን ትሞታለች» እላለሁ። በእኛ አገር ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ ጠጠር ጥሎ የሚናገር ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ጠንቋይ ነው። አከራዬስ ሌላ ምን ይበሉ?

ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቆሎ ሲቆሉ ለእኔም የሚያስቀሩ ሴት ነበሩ። ቆሎው ቀረ። ሰላምታውም ተከተለ። አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ደጃፌ ጠበል ተረጭቶበት አገኘሁት። ቀጥሎ በመንደሩ «መምህሯ ጠጠር ትጥላለች» ተባለ። ብቻዋን ለምትኖር ሴት እንዲህ ያለ ስም ግቢ ውስጥ አይቀርም፤ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ይከተላታል። በመጨረሻ አከራዬ በሩ ላይ አቁመውኝ «ወይ ጠጠሩን ተይ፣ ወይ ቤቴን ልቀቂ» አሉኝ። የወሩ መጨረሻ ቀርቦ ነበር።

የሒሳብ መምህሩ «ለጊዜው እናቁመው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ያላጠፋሁትን ነገር ካቆምኩ፣ አጥፍቻለሁ ብዬ ማመኔ አይደል? በሚቀጥለው እሁድ ጠረጴዛውን ግቢው መሃል፣ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። የአውሬውን ሥዕል ዘረጋሁ። የውጭውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ የፈለገ ይይ ብዬ።  አከራዬ ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ስንዴ እየለቀሙ ሁሉንም አዩ። 

ጨዋታው አልቆ ጓደኞቼ ሲሄዱ አከራዬ ከነሰፌዳቸው መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ስለ ቤቱ የምመልሰውን በሆዴ አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለልጄ ጣይልኝ» አሉኝ።

አንድ ልጅ እንዳላቸው አውቃለሁ። በበረሃ አድርጎ ወደ ውጭ አገር ከሄደ ወዲህ ስልኩ ጠፍቷል። አልጋው ግን ዛሬም እንደተነጠፈ ነው።

«ሐሙሲት ድረስ ሄጄ ጠጠር አስጥዬ ነበር፤ ይመጣል አሉኝ። ዘመዱም ይመጣል ይላል። አንቺ ደግሞ በሕይወት መኖሩን ብቻ ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም። ቤቱንም አትለቂም።»

ዳይሱ መዳፌ ውስጥ ነበር። አንዴ ወርውሬ «አለ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እሳቸው ያን ቀን እፎይ ብለው ይተኛሉ፤ እኔም ቤቴ ይቀርልኛል።  ግን ንዴት መጣብኝ፤ እኚህን ሴት ይመጣል፣ ይመጣል እያሉ እዚህ ባደረሷቸው ሁሉ ላይ።

«እትዬ፣ አላውቅም» አልኳቸው። «ይሄ ፕላስቲክም አያውቅም። አውቃለሁ ካልኩዎት ያን ጊዜ እውነትም ጠንቋይ ሆንኩ። ቤቱን እለቃለሁ እንጂ ይህን አልልዎትም።»

 እሳቸው በሥዕሉ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ስለ አባቴ ድንች፣ ስለ ለመለመው ቅጠል፣ ከስር ስላለው ባዶ፣ ዝም ብሎ የቆመን ሰው እንደማይበላ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አይበላም ያልሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «እኔ ዝም ብዬ ከቆምኩ ስንት ጊዜዬ ነው። ከስር ጨርሶኛል እኮ።»

ጣታቸውን ከሥዕሉ ሳያነሱ ጠየቁኝ።

«በምን ይሞታል?»

«መሬቱን ረግጠው ይጠሩታል፤ ሲወጣ ሆዱን ይመቱታል።»

ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና ግቢውን በእግራቸው ረገጡት። «ውጣ!» አሉ። ደግመው ረገጡ። «ውጣ! ልጄን የት አደረስከው?» ድምፃቸው እንዲህ ጎልቶ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ስንዴው ሰፌዱ ላይ ይዘላል። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ፤ አንዷ «ኧረ እትዬ! መምህሯ ምን አደረገችዎት?» ብላ ጮኸች።

«ዝም በይ!» አሏት። «ከእናንተ ሁሉ አላውቅም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ? ነይ እንጂ፣ አብረሽኝ ርገጪ።»