ሉልሰገድ ከፊት የቆመበት እሑድ

ሉልሰገድ በሕፃንነቱ ማጅራት ገትር ታሞ ከሞት ተረፈ፤ ጆሮው ግን አልተመለሰለትም። አድጎ ፒያሳ ወርቅ ቤት ተቀጠረ። እሑድ እሑድ እሪ በከንቱ ካለው ቤታቸው ከታናሽ እኅቱ ከአክበረት ጋር ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳል። እሷ ከመምህር ግደይ አጠገብ ቆማ ትምህርቱን በምልክት ቋንቋ ትተረጉምለታለች።

አንድ ቀን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ገብረዮሐንስ አክበረትን ለብቻዋ ጠራት።

«እኅታችን፣ ክፉ አይምሰልሽ። ተማሪው ትምህርቱን ትቶ ያንቺን እጅ ነው የሚያየው። ከኋላ ብትሆኑስ?»

ከኋላ ሆኑ። ጠባብ አግዳሚ ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ስትተረጉም ግማሹ ያመልጠዋል። ከፊት ያሉት ደግሞ ዘወር እያሉ ይገላምጧቸዋል። ሉልሰገድ ቤት ሲገቡ ስለ ትምህርቱ መጠየቅ ተወ።

ጾም ሊገባ ሲል በአንዱ እሑድ መምህር ግደይ «ጥያቄ ያለው?» አለ። ሉልሰገድ ተነሣ። አክበረት ነጠላውን ይዛ ጎተተችው፤ አስለቀቃት። በሰው መካከል አልፎ መምህሩ አጠገብ ቆመና ወደ እሷ ዞሮ፣ በምልክት «ድምፅ ሁኚኝ» አላት።

ገብረዮሐንስ ብድግ አለ። «እኅት አክበረት፣ ወንድምሽን አስቀምጪው!»

ሉልሰገድ ግን እጆቹን ማንቀሳቀስ ጀምሯል። አክበረት ቃሉን ልታለዝበው አሰበች፤ እሱ ግን ዓይኑን ከከንፈሯ አልነቀለም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከንፈሯን ያነባል፤ ብትቀይረው ያውቅባታል።

«ከኋላ ከሄድኩ ወዲህ» አለች እጁን እየተከተለች፣ «የተማርኩት ሰው ሲነሣ መነሣት፣ ሰው ሲቀመጥ መቀመጥ ነው። የእግዚአብሔር ቃል ለእኔም ከሆነ ከፊት ልማር። ለእኔ ካልሆነ ዓይኔን እያያችሁ ንገሩኝ፤ ሁለተኛ አልመጣም።»



«ይኼ በስብሰባ የሚታይ ጉዳይ ነው» አለ ገብረዮሐንስ።

መምህር ግደይ መጽሐፉን ዘጋ። «የማስተምረው እኔ ነኝ፤ እጇ እኔን አልረበሸኝም። ስብሰባው እስኪጠራ እሱን ሳልጨምር አላስተምርም።»

ገብረዮሐንስ ወደ ተማሪው ዞረ። የሚደግፈው ሰው ጠበቀ፤ አንድም አልተነሣም። በሩን ገፍቶ ወጣ።

አክበረት ወደ ፊት ሄዳ መምህሩ አጠገብ ቆመች። ስትተረጉም እጇን አጣደፈችው። ሉልሰገድ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ሆኖ «ቀስ በይ» አላት በእጁ።

ገብረዮሐንስ እስከ ፋሲካ ድረስ ሰላም አላላቸውም። ስብሰባውም ሳይጠራ ቀረ። ከፋሲካ በኋላ ሔርሜላ የምትባል መስማት የተሳናት ልጅ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከእናቷ ጋር መጣች፤ ሉልሰገድም ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ጠጋ ብሎ አጠገቡ አስቀመጣት።