ወንድሜን ሌባ ያሰኘው እርቅ

ሽማግሌ አልወድም። ይህን ስል ሰው ይደነግጣል፤ እኛ አገር ሽማግሌ አልወድም ማለት እናትን እንደመሳደብ ነው። ያቻምና መስቀል ሲቃረብ ሆሳዕና አጠገብ ሌሞ ያለው የአባቴ ቤት ድረስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ለእርቅ የመጡትን ሽማግሌዎች ግን ዛሬም እጠላቸዋለሁ።

ጠቡ የተነሳው እዚህ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ምዕራብ ቆላ ውስጥ ወርቅ ወጣ ሲባል ሰምቶ እንደ ብዙ የሰፈራችን ወጣት ወደዚያ ሄደ። ከተማው ላስቲክ በላስቲክ ነው ይላል፤ መጠጥ ቤቱና ጸሎት ቤቱ ግድግዳ ይጋራሉ። ፖሊስ የሚባል የለም። ሕጉ የየአገሩ ልጆች ያቋቋሙት ኮሚቴ ነው፤ ሌባ ያሉትን ግንድ ላይ አስረው ይገርፋሉ፣ ጉድጓዱንም ይነጥቁታል። የእኛ አገር ልጆች ኮሚቴ አለቃ የቅርብ ጎረቤታችን ልጅ ነበር። ወንድሜ የቆፈረው ጉድጓድ ወርቅ ማሳየት በጀመረ ሰሞን ወንድሜ ሌባ ተባለ። የቀኝ እጁን ጣቶች በመዶሻ አደቀቁበት። ጉድጓዱን ማን ወሰደው? አለቃው።

ሲመለስ ይዤው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ቀና ሳይል «ወንጀሉ የተፈጸመው እዚያ ስለሆነ እዚያው ሄዳችሁ አመልክቱ» አለን። እዚያ ማን ጋ? ኮሚቴው ጋ! እየተሳደብኩ ወጣሁ።

ከዚያ መስቀል መጣ፣ አለቃውም በአዲስ ሞተር እየጋለበ ለበዓሉ ገባ። እኛ ጋ ተኳርፎ መስቀል መዋል ነውር ነው። አንድ በሬ በሚካፈሉ ጎረቤቶች መካከል ቂም ካለ ቢላ አይነሳም፤ መጀመሪያ ይታረቃሉ። አባቴና የአለቃው አባት ደግሞ ነፍስ ሳናውቅ ጀምረው በሬ የሚካፈሉ ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የመጡት ለወንድሜ እጅ ሳይሆን ለበሬው ነው። ክፉ በሉኝ፣ ግድ የለኝም።

ወንድሜ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ካሳ አልፈልግም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ‹አልሰረቀም› ይበል።»

አለቃው አንገቱን ደፍቶ «ያለፈው አለፈ፣ ይቅር በለኝ» አለ።

«ምን አድርገኸኝ?»

አለቃው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«ልጄ፣ ነገር አታክርር። በዓል ነው» አለ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ።

ወንድሜ ንቅንቅ አላለም። ይኼኔ አባቴ ተነሳ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ስለ ይቅርታ ሲያስተምር ነው የኖረው። «እኔ በልጄ ስም ይቅር ብያለሁ» አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሜን!» አሉ። የደቀቀው የአባቴ እጅ የሆነ ይመስል! ጓዳ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ።

በሬው ታረደ። ሰው ሲሰበሰብ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ወንድሜ በግራ እጁ ከቢላው ጋር ሲታገል አለቃው ስጋውን ተቀብሎ ቆረጠለት፤ በቆጮ ጠቅልሎ ወደ አፉ ዘረጋ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«መጀመሪያ ንገራቸው፤ ሌባ ነኝ?» አለ ወንድሜ።

«ጉረስ እንጂ ወንድሜ» አለ አለቃው እየሳቀ።

«ኧረ ጉረስ ልጄ፣ እጁ ዛለ!» አለ ሽማግሌው።

የወንድሜ እጅ የደረሰበትን ያነሳ የለም፤ የአለቃው እጅ መዛል ግን አሳሰባቸው። ወንድሜ ተነስቶ ወጣ። ጉርሻውን አለቃው ራሱ ጎረሰው።

በዓሉ ሳያልፍ ሰፈሩ ፈረደ። «እርቅ እምቢ ያለው ቢሰርቅ ነው፤ ንጹሕ ሰው መጉረስ ምን ይከብደዋል?» ተባለ። ጃጁራ ገበያ ላይ ሳይቀር ከማላውቃት ሴት አፍ ሰማሁት። አባቴም ሰምቷል። «ልጄ ሌባ አይደለም» ብሎ አፉን ሲከፍት ግን አላየሁም፤ እርቁ ይፈርሳላ።

ወንድሜ ብዙ አልቆየም። ወደ ወርቁ አገር ሊመለስ ሲነሳ ሆሳዕና መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት።

«አብደሃል? ይገሉሃል እኮ» አልኩት እጅጌውን ይዤ።

ቦርሳውን በግራ እጁ አንስቶ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆመ።

«እዚያ ሲመቱኝ» አለኝ፣ «እልል ያለ ሰው አልነበረም።»