ከወልድያና ከመርሳ የተገጠመው አልጋ ልብስ

እናታችን የወንድማችንን ሚስት ልታርስ ደሴ የሄደች ጊዜ ነው። ከእናትና አባታችን ጋር የምትኖረው ታላቅ እህቴ ከመርሳ ደወለችልኝና፣ «እስክትመለስ አልጋ ልብስ ሰፍተን አልጋዋን እናሳምርላት» አለችኝ። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ወልድያ ቢሮ እሠራለሁ፤ ቤቴ ግን የልጆቼን ዩኒፎርም የምጠግንባት ትንሽ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና አለችኝ።

እህቴ ከደንበኞቿ ልብስ የተረፈ ቁርጥራጭ በጆንያ ሙሉ ነበራት። ሁሉንም በሦስት ማዕዘን ቆረጠችውና ግማሹን በሚኒባስ ላከችልኝ። ሁለት ሁለቱ ተገጥመው ካሬ ይሆናሉ፤ አራት ካሬ ሲገጣጠም ደግሞ መሃሉ ላይ አበባ ይወጣል።

«ጫፎቹ አንድ ነጥብ ላይ ካልተገናኙ አበባው አይወጣም፤ አደራሽን» አለችኝ።

ከቢሮ ስመለስ እየሰፋሁ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቅዳሜ ዕለት ግማሼን አቅፌ መርሳ ወረድኩ። እናታችን በማግስቱ ትመጣለች። የሷንና የእኔን ግማሽ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። በመጋጠሚያው ላይ ያሉት አበቦች ግማሽ የእኔ፣ ግማሽ የሷ ናቸው። የመጀመሪያው አበባ ልክክ አለ። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ የእኔ ጫፍ ትንሽ ቀደም አለ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ የእኔ ግማሽ ከሷ በአውራ ጣት ስፋት በልጦ አረፈው።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«እትዬ ሙች፣ እንዳልሽኝ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናዬን እግር ጠርዝ ተከትዬ ነው የሰፋሁት!»

ስፌቴን ገልብጣ አየችና ግንባሯን መታች። «የኔ መኪና እግር ሰፊ ነው፣ ያንቺ ቀጭን! ጥፋቱ የኔው ነው።» የሷ መኪና በየስፌቱ ከእኔዋ የክር ያህል ይበልጥ ጨርቅ ወደ ውስጥ ሲያስገባ፣ ልዩነቱ ተጠራቅሞ ነው ለካ። ሳቃችን መጣ፤ ግን ሁሉንም ለመተርተር ጊዜ የለንም።

አባታችን በር ላይ ተቀምጠው ይሰሙናል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ። «እስቲ አምጡት» አሉ።

«አባባ፣ ጨርቅ እኮ እንደ እንጨት አይደለም» አለቻቸው እህቴ።

«አይደለማ። እንጨት እንዲህ አይሳብልኝም ነበር። ከዳር አትጀምሩ። መጀመሪያ መሃሉን ያዙ፣ ከዚያ ሁለቱን ዳር፣ ከዚያ የቀረውን እኩል እያካፈላችሁ። ትርፉን አንድ ቦታ አትከምሩት፤ ለሁሉም አዳርሱት።»

በጣም ሰፍተው የወጡትን ሦስት ካሬዎቼን ተርትሬ፣ ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ በመስፋት አጠበብኳቸው። የእኔን ስፌቶች ወደ ቀኝ፣ የሷን ወደ ግራ በካውያ አስተኛን። እንዲህ ሲሆን የአንዱ ስፌት ጉብታ ከሌላው ጎን ገብቶ ቁጭ ይላል፤ ዓይን ቢስተው እንኳ ጣት ያውቀዋል። ከመሃል ጀምረን በየጫፉ ስፒል ወጋን። እህቴ ረጅሙን የእኔን ግማሽ ከታች አድርጋ፣ በየስፒሉ እየቆመች፣ ጥርሷን ነክሳ መስፋት ጀመረች። በማግስቱም ከጠዋት ቀጠለች።

ስልኬ ጮኸ። እናታችን ናት። «ውርጌሳ ደርሻለሁ!»

«እግርሽን አፍጥኚው!» አልኳት እህቴን። ፔዳሉን ስትረግጥ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። አባባ ሳይቀሩ መሬት ላይ ተቀምጠው ክር ይለቅማሉ። ስፌቱ አልቆ ስንገልጠው አበቦቹ በሙሉ ወጥተዋል። እኔና እህቴ እንደ ልጅ ተቃቅፈን ዘለልን፤ ሮጠንም አልጋዋ ላይ አነጠፍነው።

እናታችን ገብታ አልጋዋን ስታይ ሻንጣዋን ከእጇ ለቀቀችው። «ማሻአላህ! ልጆቼ!» ካለች በኋላ ግን እያንዳንዱን ጨርቅ በጣቷ እየነካች ባለቤቱን መጥራት ጀመረች። «ይሄ የባለሱቁ ሚስት ጉርድ ነው። ይቺ የአስተማሪዋ ቀሚስ...»

ይኼኔ ጎረቤታችን እንኳን ደህና መጣሽ ልትል ገባች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ አንዱ አበባ ላይ ተተከለ።

«አንቺ!» አለች ወደ እህቴ ዞራ፤ «ይሄ የእኔ ሐር አይደለም? ምንም አልተረፈም ብለሽኝ አልነበር?»

እህቴ ከእናታችን ጀርባ ተደበቀች። ጎረቤታችን ሐሩን በጣቷ ዳሰሰችና ሳቋ አመለጣት። «ይሁን፣ ከሁሉም ያምራል የኔው» ብላ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፤ የሰፈሩን ሴቶችም እየጠራች አሳየች። አባባ በሳቅ ብዛት እንባቸውን ጠረጉ።

እናታችን ግን ሰው ሁሉ አይቶት ሳይጨርስ አይታጠፍም አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግታ ተኛች።